በኮከብ ስለሚጻፉት የስላቭ ቃላት

የአንድ ቃል ምንጭ ባዕድ መሆኑ ሲነገር የቋንቋው ክብር የተነካ የሚመስላቸው ሰዎች በየአገሩ አሉ። በስላቭ ሕዝቦች ዘንድ ይህ ስሜት ከሊቃውንት ምርመራ ጋራ ብዙ ዘመን ታግሏል፤ ክርክሩን ልናነሣው የወደድነውም ስሕተቱ የእነርሱ ብቻ ባለመሆኑ ነው።

ሩስያው፥ ፖላንዱ፥ ቼኩ፥ ቡልጋሩና ሰርቡ ከመለያየታቸው በፊት አባቶቻቸው የተነጋገሩበት ቋንቋ ተጽፎ አልቀረልንም። ወንድማማቾቹ ቄርሎስና መቶድዮስ ወደ ሞራቪያ የሄዱት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ863 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ቃል ሊቃውንት የሚደርሱበት ልጆቹን ቋንቋዎች አስተያይተው፥ ድምፅ በምን ሕግ እንደ ተለወጠ መርምረው ነው። እንዲህ ላለው ቃል በራስጌው ኮከብ ይደረግለታል፤ ትርጓሜውም «በምርመራ የተደረሰበት እንጂ በጽሑፍ የተገኘ አይደለም» ማለት ነው።

እንግዲህ «ኽሌቡ» የተባለውን የዳቦ ስም እንውሰድ። ትምክሕተኞቹ «አራሽ ሕዝብ የእንጀራውን ስም ከጎረቤት ይለምናልን?» ይላሉ። አነጋገሩ ያምራል፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ዳቦ በጎት ቋንቋ «ህላይፍስ»፥ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ህላፍ» ይባላል። በጀርመናውያን ቋንቋዎች የጥንቱ «ክ» ወደ «ህ» ተለውጧል፤ በስላቭ ግን ወይ «ክ» ሆኖ ይቀራል፥ ወይም «ስ» ይሆናል። ቃሉ የስላቮች ጥንታዊ ርስት ቢሆን ኖሮ በ«ክል» ወይም በ«ስል» በጀመረ ነበር። በ«ኽል» መጀመሩ በጀርመናውያን በር እንደ ገባ ይመሰክርበታል።

ከዚህም የሚደንቀው የንጉሥ ስም ነው። ሩስያው «ኮሮል»፥ ፖላንዱ «ክሩል»፥ ቼኩ «ክራል» ይላል። ብዙዎቹ ሊቃውንት እንደሚቀበሉት ይህ በ814 የሞተው የፍራንኮች ንጉሥ የታላቁ ካርል ስም ነው፤ የቄሣር ስም ማዕርግ እንደ ሆነ ሁሉ የእርሱም ስም ማዕርግ ሆነ። «ር» በየቋንቋው የያዘችውን ስፍራ ልብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ጥንታዊ የሆነው የከተማ ስምም «ጎሮድ»፥ «ግሩድ»፥ «ህራድ» እየተባለ በዚያው መንገድ ሄዷል። ስለዚህ በካርል ዘመን ያ የድምፅ ለውጥ ገና አላለቀም ነበር ማለት ነው። የተዋሰ ቃል እንደ እድፍ ይፋቅ የሚሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን የዘመን ምስክር ነው የሚያጠፉት።

በድምፅ መመሳሰል ብቻ የሚፈርዱትን ደግሞ ምን እንበላቸው? በ18ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሩስያ ባለቅኔ ትሬዲያኮቭስኪ፥ በግሪኮች ታሪክ «አማዞን» የተባሉትን ሴት ተዋጊዎች «ኦሙዦን»፥ ማለት ወንዳወንድ ሴቶች ከሚል ከሩስያ ቃል አወጣቸው። ባለቅኔነቱን አንነቅፍም። በዚህ መንገድ ግን የማይደረስበት አገር የለም!

ወደ ራሳችንም ብንመለስ «ሃይማኖት»፥ «ኦሪት»፥ «ታቦት» ከአራማይክ፥ «ጠረጴዛ» ከግሪክ የመጡ ቃላት ናቸው። ይህን በማወቁ ሃይማኖቱ የቀነሰበት ሰው እስካሁን አላየንም።

ከሁሉ የከፋው ግን ቃልን የርስት ማስረጃ ማድረግ ነው። በስላቭ «ቡኪ» የተባለው ዛፍ ስሙ ከጀርመናውያን የተወሰደ ስለ ሆነ «ስላቮች በመጀመሪያ የኖሩት ይህ ዛፍ በማይበቅልበት በምሥራቅ ነው» ተብሎ ብዙ ተጽፏል። ነገር ግን የጀርመናውያኑ ስም ከወጣበት ከዚያው ሥር የወጣው የግሪኩ «ፌጎስ» የበሉጥ ዛፍ ስም ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ በሚዘዋወር ስም ላይ ድንበር እንዴት ይተከላል?

የአምላክ ስም የሆነው «ቦግ» ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየናል። አንዳንዶቹ ሊቃውንት «ባጋ» ከሚሉት ከኢራናውያን የተወሰደ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሕዝቦች ከአንድ አባት የወረሱት ነው ይላሉ። ቃሉ ቢወረስም ቢዋስም በስላቭ አፍ ያው «ቦግ» መሆኑ ስለማይቀር በዚህ ስፍራ የድምፅ ሕግ ብቻውን ሊፈርድ አይችልም። ያለ ምስክር የፈረዱት ግን ከሁለቱም ወገን አልጠፉም።