ከሦስተኛው ስም በኋላ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው፡፡ መልአኩ ያወጣውን ስም መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ግን ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊ ደግሞ መልአክ አይደለም፡፡

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው፡፡ ባሕር ማዶ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ፣ የመጀመሪያ ልጁ በተወለደ በሁለተኛው ቀን ደወለልኝ፡፡ እኔ ሶዶ ነበርኩ፤ የዳሞታ ተራራ እንደ ልማዱ ራሱን በጉም ተከናንቦ ነበር፡፡ እንኳን ደስ አለህ፣ እንኳን አብሮ ደስ አለን ከተባባልን በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ፡፡

«ጋሼ፣ የልጁን የቤተሰብ ስም ጻፍ ብለውኛል፡፡ ማንን ልጻፍ?»

«አባትህን ነዋ!» ልለው አፌን ከከፈትኩ በኋላ መለስኩት፡፡ ቅጹ የሚጠይቀው የአንድ ሰው አባት አልነበረም፡፡ ለሕፃኑ፣ ለሕፃኑ ልጅ፣ ገና ላልተፀነሱትም ሁሉ የሚያገለግል አንድ የማይንቀሳቀስ ስም ነበር፡፡ ቅጹን ያቀበለችው ነርስ ፓቴል ትባላለች፤ ዘሯ ከጉጃራት ነው፡፡ «የእኛ ስም ለብዙ ትውልድ ሳይለወጥ ኖሯል፤ እናንተ እንዴት ነው የምትተዋወቁት?» ብላ ጠይቃዋለች፡፡ የወንድሜ ልጅ መልስ አጣ፡፡ እኔም እንዲሁ፡፡

ለመሆኑ ፓቴል ምንድን ነው? ጥንተ ነገሩ የሹመት ስም ነው፡፡ በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት ምድር፣ ፓቴል ማለት የመንደር ሹም ማለት ነበር፡፡ ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ስም ሆነ፤ ስሙም ከሹሞቹ ቤት ወጥቶ ፓቲዳር በሚባሉት ባለ ርስት ገበሬዎች ዘንድ ተስፋፋ፡፡ ከዚያ መርከብ ተሳፈረ፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተሻገረ፤ በኬንያና በዩጋንዳ ከተሞች ሱቅ ከፈተ፡፡ ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1972 እስያውያንን ከዩጋንዳ ሲያባርር፣ ስሙ እንደገና ጓዙን ጠቅልሎ እንግሊዝ ገባ፡፡ በአሜሪካም አውራ ጎዳና ዳር ከተደረደሩት ሞቴሎች ብዙዎቹ የጉጃራት ተወላጆች ናቸው፤ ከባለቤቶቹም ፓቴል የሚባለው ጥቂት አይደለም፡፡ የስልክ ማውጫ የሚያገላብጥ ሰው የዚህን ሕዝብ ጉዞ በጣቱ ሊከተለው ይችላል፡፡

የእኛን ሕዝብ ጉዞ በጣት መከተል አይቻልም፡፡ የእኛ ስም ተራማጅ ነው፡፡ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ስም በፊት በር ይገባል፣ አንድ ስም በጓሮ ይወጣል፡፡ ሚስት ስትዳር የአባቷን ስም አውልቃ የባሏን አትለብስም፡፡ ሰውን የምንጠራውም በራሱ ስም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ሰው በዓለም መድረክ «ዶክተር ቴድሮስ» የሚባሉት በዚህ ልማዳችን ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሊለውጥ ሞክሮ ነበር፡፡ እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው አሰበ፡፡ ሕጉ ታተመ፤ ልማዱ ግን ንቅንቅ አላለም፡፡

ወላይታ ግን ከቤተሰብ ስም ጋር የሚቀራረብ ነገር ጨርሶ የለውም ማለት አይደለም፤ ጎሳ አለው፡፡ ጎሳ ከአባት ይወረሳል፤ ከራስ ጎሳ ማግባት ነውር ነው፤ በለቅሶም በሠርግም ሰው ሲተዋወቅ ቀድሞ የሚጠያየቀው ጎሳውን ነው፡፡ ጎሳዎቹ ከሁለት መቶ በላይ እንደሆኑ ይነገራል፤ ሁሉም ግን ማላ እና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይጠቃለላሉ፡፡ እነዚህ ሁለት ስሞች በወላይታ ድንበር አያቆሙም፡፡ በጋሞ ተራሮች ማላና ዶጋላ አሉ፡፡ ኦሞን ተሻግራችሁ ዳውሮ ብትገቡም ማላና ዶጋላ ታገኛላችሁ፤ እዚያ ደግሞ ሦስተኛ ወገን ታክሎ አማራ ይባላል፡፡ የሰሜኑን ሕዝብ ስም ይዞ ዳውርኛ የሚናገር ወገን ማለት ነው፡፡

በወላይታም ከዚህ የሚመሳሰል አለ፡፡ በነገሥታቱ ታሪክ ስማቸው የገነነ ሁለት ሥርወ መንግሥታት ነበሩ፡፡ የቀደመው የወላይታ ማላ ሥርወ መንግሥት ሲሆን አባቱ ሞቶሎሚ ነው፤ በገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞት ንጉሥ ተብሎ የተጠቀሰው ሞቶሎሚ፡፡ የኋለኛው የትግሬ ሥርወ መንግሥት ይባላል፤ እንደ አፈ ታሪኩ ከትግራይ የመጣ ሚካኤል የተባለ ሰው መሠረተው፡፡ ስለዚህ ሶዶ ገበያ ላይ «ትግሬ ነኝ» የሚል ወላይታ ብታገኙ አትደነቁ፡፡ ትግርኛ አያውቅም፤ ጎሳውን መንገሩ ነው፡፡ በአንድ ጎሳ ስም ውስጥ የስንት መቶ ዓመት መንገድ ተጠቅልሎ እንደሚቀመጥ ከዚህ ወዲያ ምስክር አልሻም፡፡

ጎሳው ግን ቅጽ ላይ አይጻፍም፡፡ ቅጽ ላይ የሚጻፉት ሦስቱ ስሞች ናቸው፡፡ የእኛም ነገር የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው፡፡

በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታን ያዘ፡፡ የትግሬ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ቶና ተማርከው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ፡፡ ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄም ያየውን እልቂትና የምርኮ ብዛት ጽፎ አቆይቷል፡፡ እነዚያ ምርኮኞች በየጌታው ቤት ተበተኑ፡፡ ሌላ ስም ወጣላቸው፤ ልጆቻቸው በዚያ ስም ተጠሩ፤ በሦስተኛው ትውልድ የመጀመሪያው ሰው ስም በጓሮ ወጣ፡፡ ፓቴል ቢሆኑ ኖሮ የልጅ ልጆቻቸውን ፈልገን ባገኘናቸው ነበር፡፡ ዛሬ ግን በአንድ ሰፈር አብረን እየኖርን፣ ምናልባትም በአንድ ታክሲ እየተሳፈርን፣ አንተዋወቅም፡፡

በአገር ለቀረውም ስም መለወጡ አልቀረም፤ በክርስትና፣ በትምህርት ቤት፣ በችሎት፣ በውትድርና፡፡ የሁላችንን ታሪክ አጥሮ የምታገኙት በአንድ የታወቀ ስም ላይ ነው፡፡ ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የወላይታው ተወላጅ ሙሉ ስማቸው ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ቦሼ ነው፡፡ ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት፡፡ ቦሼ የአገሬው ስም ነው፡፡ ደሳለኝ አማርኛ ነው፡፡ ኃይለ ማርያም ግእዝ ነው፤ ያውም የኦርቶዶክስ ስም፣ ባለቤቱ የሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን አማኝ ሆነው ሳለ፡፡ ሦስት ትውልድ፣ ሦስት ቋንቋ፡፡ እንደ ልማዳችን ከቀጠልን በሚቀጥለው ትውልድ ከመታወቂያ ላይ የሚወርደው ደግሞ ቦሼ ነው፡፡

በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው፡፡ አባቴ ትምህርት ቤት የገባው በወላይትኛ ስሙ፣ የወጣው በአማርኛ ስም ነው፤ ስሙ ለምላሴ ከበደኝ ያለ አስተማሪ ነው አዲሱን ያወጣለት፡፡ አያቴ ግን ስሙን ሳይለውጥ ሞተ፡፡ የስሙ መጀመሪያ ድምፅ ከ«ደ» ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን አየር ወደ ውስጥ ሳብ ተደርጎ የሚነገር ነው፡፡ ዛሬ ወላይትኛ በሚጻፍበት በላቲኑ ፊደል ሁለት ሆሄ ተደርቦለት ይጻፋል፤ በእኛም ፊደል ዸ የምትባል ሆሄ አለችለት፤ መዝገብ ቤት ግን ገብታ አታውቅም፡፡ ስለዚህ በእኔ ካርድ ላይ በ«ደ»፣ በወንድሜ ካርድ ላይ በ«ጠ» ተጻፈ፡፡ በወረቀት እኔና ወንድሜ የተለያየ አያት አለን፡፡ ከወንድሜ ልጅ ፓስፖርት ላይ ደግሞ፣ ተራው ደርሶ፣ በ«ደ»ም በ«ጠ»ም የለም፡፡

ነገሩን ለማቅለል «ስም ምን አለበት?» የሚለኝ ወዳጅ አለ፡፡ ለእርሱ የማነሣለት የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው፡፡ ሕዝቡ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ በመንግሥት መዝገብ «ወላሞ» ሲባል ኖሯል፤ ያ ስም በስድብነት ይሰማ ስለነበር ተተወ፡፡ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ አዋሕዶ «ወጋጎዳ» የሚል፣ ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ሆሄያት የተሰፋ ስም ያለው የመማሪያ መጽሐፍ መጣ፡፡ ሶዶ ተነሣች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፡፡ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፡፡ የሕዝብ ስም ተቆርጦ ሲሰፋ እንዲህ የተቆጣን እኛ፣ የአያቶቻችን ስም አንድ በአንድ ሲወድቅ ግን አልሰማንም፤ የጓሮ በር ድምፅ የለውምና፡፡

ሚዛን መሳት ግን አልፈልግም፡፡ አማርኛው ስም ሁሉ በግድ የተጫነ አይደለም፡፡ አባቴ ያንን የተሰጠውን ስም ወዶት ኖሯል፤ እኔንም በአማርኛ ሲሰይመኝ ማንም አላስገደደውም፤ የደስታው ቃል ነበር፡፡ ይህንንም የምጽፈው በምወደው አማርኛ ነው፡፡ በሌላም በኩል አዲስ እምነት መቀበል አሮጌ ስም መጣልን የግድ አይልም፡፡ በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሶዶ ከገባ በኋላ ከተነሡት ቀደምት የወላይታ ወንጌላውያን ስሙ የሚነሣው ዋንዳሮ፣ በጣልያን ዘመን ለእምነቱ ሲታሰርም ሆነ ተፈትቶ ሲያስተምር የታወቀው በዚያው በአገሩ ስም ነው፡፡

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቋሚ የቤተሰብ ስም በሕግ ይታወጅ የሚሉ አሉ፡፡ እኔ አልስማማም፡፡ ዛሬ ቢታወጅ የሚረጋው ሦስተኛው ስማችን ነው፤ ለብዙዎቻችን ደግሞ እርሱ የመምህር ወይም የጸሐፊ ሥራ ነው፡፡ ስሕተትን ለዘለዓለም ማጽናት ይሆናል፡፡ ጎሳችንን በስማችን ላይ እንጨምር የሚሉም ገጥመውኛል፡፡ ይህን አጥብቄ እፈራለሁ፡፡ በመንገድ ላይ መታወቂያ እየታየ ሰው የሚለይበትን ዘመን ላየች አገር ተጨማሪ ምልክት አያስፈልጋትም፡፡ ጎሳ በሠርግና በለቅሶ ቤት፣ በሰው አፍ ሲነገር ዝምድና ነው፤ በወረቀት ላይ ሲታተም ምን እንደሚሆን አይታወቅም፡፡

እኔ የምለው ቀላል ነው፡፡ ስማችን ተራማጅ መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ ሥራ የሚጠይቅ ልማድ ነው፡፡ ፓቴል ማስታወሱን ለወረቀት ሰጥቶታል፤ እኛ ማስታወሱን በራሳችን ላይ አስቀርተን፣ ሥራውን ግን ሳንሠራው ቀረን፡፡ ደገኛው ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው፣ ወላይታም ጎሳውን የሚጠይቀው፣ ይህንኑ ሥራ ለመሥራት ነበር፡፡ እያንዳንዱ ቤት ሰባት አባቶቹንና ሰባት እናቶቹን በአንድ ደብተር ይጻፍ፡፡ መዝገብ ቤቶቻችን ስምን ባለቤቱ እንደሚጠራው ይጻፉ፤ አሁን የአያትን ስም በዲጂታል መታወቂያ እያሰፈርን ባለንበት ጊዜ የተሳሳተ ሆሄ ከካርድ ይልቅ ለማረም ይከብዳል፡፡ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጓሮ የወጣውን ስም በፊት በር እንመልሰው፡፡ የእኛ ሥርዓት ከፓቴል የሚበልጥበት አንድ ነገር ይህ ነው፡፡ የእነርሱ የፊት በር ለአንድ ስም ለዘለዓለም ተይዟል፤ የእኛ ልጅ በተወለደ ቁጥር ይከፈታል፡፡

ለወንድሜ ልጅ የነገርኩትም ይህንኑ ነው፡፡ «በቤተሰብ ስም ቦታ ፓስፖርትህ ላይ ያለውን የአባቴን ስም ጻፍ፤ ወረቀቶችህ እንዳይጣሉብህ፡፡ አባቴም ያንን ስም አክብሮት ኖሯል፡፡ ለልጁ ግን ገና ስም አላወጣችሁለትም አይደል?»

ዝም አለ፡፡ ቀጥሎ «ጋሼ፣ የቅድመ አያቴ ስም እንዴት ነበር የሚጠራው? ደግመው ይበሉልኝ» አለኝ፡፡

አልኩለት፡፡ አየሩን ወደ ውስጥ ስቤ፣ ሦስት ጊዜ አልኩለት፡፡ በሌላው የስልክ ጫፍ እርሱም ደገመው፤ በሦስተኛው ገደማ ተስተካከለለት፡፡

ስለ ስም ይህን ሁሉ ጽፌ ያንን ስም ለምን እንዳልነገርኳችሁ ታዝባችሁኝ ይሆናል፡፡ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፡፡ ነገር ግን ስሙ አሁን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፡፡ ሲያድግ አስፈቅጄው እጽፈዋለሁ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡