ድንቹና ብርሃኑ፦ ከካርል ሮጀርስ ምን እንውሰድ?

ካርል ሮጀርስ የሚለውን ስም ብዙዎቻችን ባንሰማውም ትምህርቱ በየቤታችን ገብቷል። ዛሬ በየቦታው የምንሰማው «ራስህን ሁን፣ መልሱ በውስጥህ ነው» የሚለው ምክር ከዚህ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር አስተሳሰብ እምብዛም አይርቅም።

ሮጀርስ ግን ከእኛ ቤት የወጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በአሜሪካ፣ ጥብቅ በሆነ የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ውስጥ ተወለደ፤ በ1924 ለአገልግሎት ሊዘጋጅ ኒው ዮርክ በሚገኘው ዩኒየን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ከጓደኞቹ ጋር፣ በራሳቸው ጥያቄዎች ብቻ የሚመራ ትምህርት እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። ተፈቀደላቸው። አንድ ወጣት መምህር አብሯቸው ቢቀመጥም ካልጠየቁት በቀር አይናገርም ነበር። ብዙዎቹ፣ ሮጀርስም ጭምር፣ በዚያው ከአገልግሎት መንገድ ወጡ። እርሱ ወደ ሥነ ልቦና ተሻገረ፤ በኦሃዮ፣ በቺካጎና በዊስኮንሲን አስተማረ። መምህር እውቀት የሚያፈስ ሳይሆን ተማሪው ራሱ እንዲማር የሚያግዝ ነው አለ። ተማሪውንም ሆነ ምክር ፈላጊውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ ከልብ መረዳት፣ በፊቱም አለማስመሰል ይገባል ብሎ አስተማረ።

እዚህ ላይ ድንጋይ ለማንሳት ባንቸኩል ይሻላል። ያዕቆብ ለመስማት እንድንፈጥን፣ ለመናገር እንድንዘገይ ያዘዘው ለማን ነው? በምክር አገልግሎታችን ሰው ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ ጸሎት እንጀምራለን። በሰንበት ትምህርት «እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ?» ብሎ የጠየቀ ወጣት «አትጠራጠር» ተብሎ ይቀመጣል። ያ ወጣት በሚቀጥለው እሑድ ባይመጣ ለምን ይገርመናል?

ሆኖም ሮጀርስን እስከ መጨረሻው አንከተለውም። ሰው ምቹ ሁኔታ ካገኘ በተፈጥሮው ወደ መልካም ያድጋል ብሎ ያምን ነበር። ለዚህም ከልጅነቱ የሚያስታውሰውን ድንች በምሳሌነት ያቀርባል፦ በቤታቸው ምድር ቤት የተከማቸው ድንች ነጭና ቀጭን ቡቃያ አውጥቶ ወደ ትንሿ መስኮት ይንጠራራ ነበር። ምሳሌው ውብ ነው፤ እኛም እንወደዋለን። ብርሃኑ ግን ከድንቹ ውስጥ አልመጣም፣ ከመስኮቱ ነው የመጣው። ቡቃያውም እዚያው እስካለ ድረስ ተክል አይሆንም፤ ይህን ሮጀርስም ያውቅ ነበር። አንድ ሰው ማውጣት አለበት።

መቀበል ለሮጀርስ የአማካሪው አመለካከት ነው፤ ለእኛ ግን ደም የፈሰሰበት ነው። በዮሐንስ 8 ጌታ ሴቲቱን አልኮነናትም፤ ዳግመኛ ኃጢአት እንዳትሠራም ነግሯታል። ዘመናችን የመጀመሪያውን ብቻ ያነባል፤ እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ብቻ ይዘን እንሮጣለን። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ እንበል፤ «ሂጂ» ከማለቱ በፊት ከሳሾቿ ሁሉ ወጥተው ነበር።