በብሎን ይሁን

ከቦንጋ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ላይ ዝናብ በመታ ቀን፣ ጎማ የሚተፋው ቀይ ጭቃ ፓራፋንጎውን አልፎ መስተዋት ላይ ሲለጠፍ ያየ ሰው፣ አንድ የቦንጋ ወጣት ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ቮልስዋገን ከፍ አድርጎ ሰፊ ጎማ ሊያለብሰው፣ በዚያውም ፓራፋንጎዎቹን ሊያሰፋቸው ቢያስብ አይፈርድበትም። «ጋሼ፣ ሳልቆርጠው ይሆናል?» ብሎ የጠየቀኝ ይኸው ወጣት ነው፤ እኔም የጥያቄውን ክብደት ያወቅሁት ያን ዕለት ሳይሆን በማግሥቱ፣ የቡና መገኛ ተብሎ በሚጠራው በማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀና ብዬ ከዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ካየሁ በኋላ ነው።

ቀፎው እንደ አጭር ግንድ ሞላላ ነው። ባለቤቱ በገመድ ስቦ ያወጣውና በቅርንጫፎቹ መካከል አጋድሞ ያስረዋል፤ ምስማር አይመታበትም፣ ዛፉም ለእርሱ ሲባል አይፈለጥም፤ ማሩ ተቆርጦ ቀፎው በወረደ ጊዜም ዛፉ ያው ዛፍ ነው። በቆየ መኪና አካል ላይ አዲስ ነገር የሚጨምር ሰው ሊከተለው የሚገባው ሥርዓት ይህ ይመስለኛል፤ የመጨመር መብቱን አልነፍገውም፣ እንዳይመለስ አድርጎ የመጨመር መብቱን ግን እነፍገዋለሁ።

ለዚህ ነገር ከቮልስዋገን የተሻለ መምህር የለም። አራቱም ፓራፋንጎዎች ከአካሉ ጋር የሚያያዙት በብሎን ነው፤ በሁለቱ ላሜራዎች መካከልም እንደ ጥብጣብ የቀጠነ ጎሚኒ ይገባል፤ አካሉ ራሱ በወለሉ ላይ የተቀመጠው በብሎን ነው፤ ሞተሩም ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘው በ4 ብሎኖች ብቻ ነው። በዚሁ ወለል ላይ በ1955 እ.ኤ.አ. የቱሪኑ ጊያ ንድፉን ሰጥቶ የኦስናብሩኩ ካርማን የሠራው ካርማን ጊያ የሚባለው ቆንጆ የስፖርት መኪና ግን በጠባዩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ላሜራዎቹ ጫፍ ለጫፍ ተበይደው፣ መጋጠሚያቸው በቀለጠ ብረት ተሞልቶና በእጅ ተሞርዶ፣ ስፌት እንደሌለው ቀሚስ አንድ ወጥ ሆነዋል። ውበቱም ፈተናውም ይኸው ነው፤ የዚያን መኪና ፓራፋንጎ ለማስፋት የሚነሣ ሰው መጋዝ ሳያነሣ አይሆንለትምና፣ ካርማን ጊያ ያለው ሰው እንዳለ ቢተወው ይሻለዋል። የሊቃውንትን ቃል ለዚህ ዓለማዊ ነገር መዋስ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ ብየዳ ቱስሕት (መቀላቀል) ነው፣ ብሎን ደግሞ ኅድረት (ማደር) ነው፤ በሃይማኖት ሁለቱም የተወገዙ ቢሆኑም በላሜራ ነገር ግን ኅድረቱን እመርጣለሁ።

ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የራሴን ቮልስ፣ የኋላ ፓራፋንጎው ቢንቋቋብኝ፣ ስሙን ወደማልጠራው አንድ ጋራዥ ወሰድሁት፤ ባትላሜራውም ጎሚኒውን አውጥቶ ጥሎ፣ «ከእንግዲህ አይነቃነቅም» ብሎ ፓራፋንጎውን ከአካሉ ጋር በየደው። እውነትም አልተነቃነቀም። ነገር ግን በመጋጠሚያው ውኃ እየቋጠረ ሁለት ክረምት ሲያልፍበት፣ የአንዱ ዝገት የሌላው ሆነ፤ በጥቂት ብር ሊለወጥ ይችል የነበረው ፓራፋንጎ የአካሉን ጥግ ይዞት ሄደ።

እንግዲህ ለቦንጋው ወጣት የመከርሁት ይህን ነው። አሮጌው ፓራፋንጎ ይፈታ፤ ቅርጹ በፋይበር ግላስ ይወሰድ፤ ቅርጹ ሲወሰድ ግን ሙጫው ከዋናው እንዳይጣበቅ አስቀድሞ ሰም ይቀባ። በቅኔ ሰሙ ወርቁን ይሸፍናል፤ እዚህ ግን ሰሙ ወርቁን ከመጣበቅ ያድነዋል። አዲሱ ሰፊ ፓራፋንጎ የፋብሪካውን የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ይጠቀም፤ በአካሉ ላይ አንዲት አዲስ ቀዳዳ መብሳት ያስፈለገው ንድፍ ገና ያላለቀ ንድፍ ነውና ተመልሶ ይታሰብበት። የጥንት ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሆነው ፊቫ የቱሪን ቻርተር በሚባለው ሰነዱ፣ የግድ የሆነ ለውጥ እንኳ ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል እንዲሆን ይመክራል፤ የወጣው ዕቃ ካልተጠበቀ ግን መመለስ ከወዴት ይመጣል?

በዚህ ላይ አንድ ነገር ያሠጋኛል። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተተከሉት 4 መጠለያዎች ለጊዜው ተብለው፣ በኋላ እንዲነሡ ታስበው የተሠሩ ነበሩ፤ ለጊዜው የተባለው ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ቆየ፣ የአካባቢው ሰውም መጠለያዎቹ ራሳቸው ቅርሱን እንዳይጎዱት ሰጋ። «ይመለሳል» የሚል ቃል፣ መላሹና ቀኑ ካልታወቀ፣ ለማይመለስ ሥራ ሽፋን ይሆናል።

አንዳንዱ ይህን ሁሉ የባለጸጋ ጨዋታ ነው ይለኝ ይሆናል። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ላሜራ ቀጥቅጠው፣ ስሙም ከሥራው ተወስዶ ቅጥቅጥ የተባለውን አውቶቡስ የሚያወጡት ባለሙያዎቻችን ማንን አስፈቅደው ቆረጡ? ማንንም፤ ልክም ናቸው። ያ መኪና እንጀራ ነው፣ እንጀራም ለትውልድ አይቀመጥም። አሮጌው ቮልስዋገን ግን ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ሥራው ያበቃ ነው፤ አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከልክላለችና፣ እዚህ የተቆረጠው አካል ምትክ በቀላሉ አይመጣለትም።

ወጣቱ ሰምቶኛል መሰለኝ። ከወራት በኋላ ቦንጋ ስመለስ ቮልሱ ሰፋ ብሎ፣ ጭቃውንም ችሎ አገኘሁት፤ ሦስቱ አሮጌ ፓራፋንጎዎች ግራሶ ተቀብተው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው፣ ከጓዳው ማገር ላይ ከአንድ ባዶ ቀፎ አጠገብ ተንጠልጥለዋል፤ በየከረጢቱም ላይ «ግራ ፊት»፣ «ቀኝ ፊት»፣ «ግራ ኋላ» ተብሎ በከሰል ተጽፏል። አራተኛውን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ አንድ ብሎን ዝጎ አልፈታ ብሎኝ ዘይት እያጠጣሁት ነው፤ አልቆርጠውም» አለኝ።