የእርግዝና ወቅት የስኳር ሕመም ጥናት ከስርጭት መጠን ባሻገር

በትግራይ ገጠር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት የእርግዝና ወቅት የስኳር ሕመም የተገኘባቸው ነፍሰ ጡሮች 3.7 በመቶ መሆናቸውን አመልክቷል። ከሃያ ዓመት በኋላ በጎንደር ከተማ ጤና ተቋማት የተደረገ ሌላ ጥናት 12.8 በመቶ አግኝቷል። ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሕመሙ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨምሯል ማለት ይቀላል። ሆኖም ቦታውም፣ ዘመኑም፣ የምርመራ መስፈርቱም የተለያየ ስለሆነ፣ ከልዩነቱ ምን ያህሉ የሕመሙ፣ ምን ያህሉ የመስፈርቱ እንደሆነ ከአኃዞቹ ብቻ መለየት አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 የተቀበለው መስፈርት፣ 75 ግራም ግሉኮስ ተጠጥቶ በሚደረግ ምርመራ፣ በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ከሦስቱ አንዱ ላይ መድረስ ለምርመራው ውጤት ይበቃል። የመስፈርቱ ዋና መሠረት በዘጠኝ አገሮች 25,000 ያህል ነፍሰ ጡሮችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት ነው። ጥናቱ የእናት ግሉኮስ ከፍ ባለ ቁጥር የሕፃኑ ክብደትና ሌሎች ችግሮች ደረጃ በደረጃ እንደሚጨምሩ አሳየ እንጂ፣ ጤናንና ሕመምን ለይቶ የሚያቆም ግልጽ ወሰን አላገኘም። ወሰኑን ያሰመረው የባለሙያዎች ስምምነት ነው። ከጥናቱ ማዕከላት አንዱም በአፍሪካ አልነበረም።

ይህ መስፈርቱን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ሕክምናው ከባድ የወሊድ ችግሮችን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት አረጋግጧል። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የኒውዚላንድ ጥናት ወሰኑን ዝቅ ማድረግ የሚታከሙ እናቶችን ቁጥር ቢያበዛም፣ ከእርግዝና ዕድሜያቸው አንጻር ገዝፈው የሚወለዱ ሕፃናትን ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ለኢትዮጵያ ይህ ክርክር የወረቀት ብቻ አይደለም። ምርመራው እናቲቱ ምግብ ሳትቀምስ ከቤቷ ወጥታ ከሁለት ሰዓት በላይ እንድትቆይና ሦስት ጊዜ ደም እንድትሰጥ ይጠይቃል። የተቀዳው ደም ሳይጣራ ከቆየ በውስጡ ያለው ግሉኮስ ይቀንሳል፤ በወሰኑ አፋፍ ላይ ያለች እናት በዚህ ብቻ ጤነኛ ተብላ ልትሸኝ ትችላለች። ያለ በቂ ማስረጃ ሕመምተኛ መባልም ጭንቀትና ወጪ አለው።

ስለዚህ ስርጭትን ለክቶ የሚያቆም ጥናት የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ይመልሳል። የምርምር አማካሪዎችና ተመራቂ ተማሪዎች ትኩረታቸውን ምርመራው ከተደረገ በኋላ ወደሚሆነው ማዞር ይገባቸዋል፦ ሕፃኑ በምን ክብደት ተወለደ? ምጡ እንዴት አለፈ? እናቲቱ ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ተመረመረች? በጎንደር የተጀመረው እናቶችን እስከ ወሊድ የመከታተል ሥራ መንገዱ የሚቻል መሆኑን ያሳያል። አንድ ተማሪ በአንድ ዓመት ሊጨርሰው ባይችል እንኳ፣ የትምህርት ክፍሎች አንዱ የጀመረውን መዝገብ ሌላው እንዲቀጥል ማድረግ ይችላሉ። ወሰኑ ለኢትዮጵያውያት እናቶች የሚበጅ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።