ጭስ የሌለው ሞተር

ጭስ የማይወጣው ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው የሚል እምነት በዘመናችን ተስፋፍቷል። በፀሐይ ኃይል ውሃ ስቦ እርሻ የሚያጠጣውን ፓምፕ የሚያመሰግኑ ሰዎች ንግግራቸውን የሚጀምሩትም የሚጨርሱትም በዚሁ ነው። ናፍጣ አያቃጥልም፥ አየር አይበክልም፥ ስለዚህ ተፈጥሮን አይጎዳም ይላሉ። ከሦስቱ ቃላቸው ሁለቱ እውነት ናቸው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል፤ ይህ መቅረቱ በጎ ነገር ነው፥ ማንም አይክደውም። ሦስተኛው ቃል ግን ከሁለቱ አይከተልም፤ ውሃው ከወዴት ይመጣል ብሎ የጠየቀ የለምና።

ናፍጣ የሚገዛ ገበሬ ሞተሩን የሚያጠፋው ኪሱን አስቦ ነው። የነዳጁ ዋጋ ለድሃ መራራ ቢሆንም ልጓም ነበረ። ሶላሩ ከተገዛ በኋላ ግን ፀሐይ ሒሳብ አትጠይቅም፤ ቡቃያው ከጠገበ ወዲያ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ባለቤቱ ሳንቲም አይከስርም። የሚከስረው በእጁ የቆፈረው ጉድጓድ 10 ሜትር ብቻ የሆነ ጎረቤቱ ነው። ይስሐቅና የጌራራ እረኞች ስለ ጉድጓድ የተጣሉት ውሃ በገመድ በሚቀዳበት ዘመን ነበረ፤ በሞተር ዘመንማ ምን ሊሆን ነው!

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሐረማያን ተመልከት። ሐይቁ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ከየተራራው የታጠበው አፈር ሞላው፥ የከተማ ሰው ጠጣው፥ የጫትና የአትክልት እርሻ በሞተር ሳበው። ከብዙ ዓመት በኋላ ውሃው በከፊል ቢመለስም፥ ያን ጊዜ ሞተሩን የሚገታ የናፍጣ ዋጋ እንኳ ነበረ። የመን ደግሞ ልጓሙ ሲወልቅ የሚሆነውን ታሳያለች። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ2015 ጦርነቱ ሲፋፋም ናፍጣ ጠፋ፤ ገበሬው ወደ ሶላር ዞረ፥ እርሻውም ዳነ። ነገር ግን ቀድሞም እየወረደ የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ አሁን ያለ ዋጋ ይሳባል፤ ብዙውም የሚጠጣው ለጫት ነው።

እንግዲህ ገበሬው ይራብ ትላለህን? የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። ሕንድ አገር በጉጃራት ዱንዲ በምትባል መንደር 6 ገበሬዎች ማኅበር አቁመው፥ በ2008 ዓ.ም. ከመስኖ የተረፋቸውን የፀሐይ ኃይል ለመብራት ድርጅት መሸጥ ጀመሩ። ያለ ፍላጎት ውሃ የሳበ ሰው ገቢውን ያጣል፤ ልጓሙ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። የመብራት መስመር በሌለበት ገጠራችን ይህ አይሆንም፥ እውነት ነው። ሆኖም የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ማኅበሩ ማን በስንት ሰዓት እንደሚስብ ሊወስን ይችላል። ፓምፕ የሚያድሉትም ስንት ሞተር እንዳደሉ ብቻ ሳይሆን፥ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደወረደ በሪፖርታቸው ይጻፉ። (የሶላሩ ሰሌዳ ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ ሲያረጅ የት እንደሚጣልም ቢነግሩን መልካም ነበረ።)

መሣሪያ የለንም የሚለው ምክንያት አይረባም። በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ፥ ጫፉ ላይ የታሰረ ድንጋይና አንድ ደብተር ይበቃል። ልኬቱ ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ ይሁን፤ ውሃው ሌሊቱን አርፎ ወደ ቦታው የሚመለሰው ያን ጊዜ ነውና። ፊደል የቆጠረ ልጅ በየቤቱ አለ፤ ቀኑንና ሜትሩን እርሱ ይጻፍ፥ በማኅበሩም ስብሰባ ፊት ቆሞ ያንብበው።