በቆሎው ቢወጣ ስኳሩ የት ይሄዳል?

በሐምሌ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ፣ ኮካ ኮላ አሜሪካ ውስጥ በእውነተኛ የአገዳ ስኳር ሊሠራ እንደተስማማላቸው አወጁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጉዳዩ የእነሱ ነውና።) ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው በአገዳ ስኳር የተሠራ ኮካ ከክረምቱ በኋላ ለገበያ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። ልብ በሉ፣ ተጨማሪ ምርት ነው ያለው። በበቆሎ ሽሮፕ የሚጣፍጠው የድሮው ኮካ ከመደርደሪያው አልወረደም። ብዙ ሰው ግን ወሬውን የሰማው «መርዙ ሊወጣልን ነው» በሚል ጆሮ ነበር።

በኛ ሰፈር ደግሞ ነባር ሙግት ቀሰቀሰ። አሜሪካ ጥቂት የከረመ ሐበሻ ሁሉ ስለዚህ ነገር የሚለው አያጣም፦ የአገር ቤቱ ኮካ ጣዕሙም ሌላ፣ ጉዳቱም ያነሰ፤ የዚህኛው አገር ግን «ኬሚካል» ነው። የሐበሻ ሱቅ ገብታችሁ የሜክሲኮውን የጠርሙስ ኮካ ስታነሡ «እሱ ይሻላል፣ በአገዳ ነው የተሠራው» የሚላችሁ አይጠፋም። ስኳር በሽታ ያለባቸው እናቶች ሳይቀሩ በዚህች ማጽናኛ ተደግፈው አንድ ጠርሙስ ሲከፍቱ አይቻለሁ። እኔን የከነከነኝም ይኸው ነው።

ሽሮፑን ልከላከል አልተነሣሁም። ጠበቃ ቢያስፈልገው የራሱ ማኅበር አለው፣ ገንዘብም ሞልቶታል። የምለው ክሱ ተዛብቷል ነው። የበቆሎ ሽሮፕ ጥፋቱ ከበቆሎ መምጣቱ አይደለም፤ ጥፋቱ መርከሱ ነው። ስለረከሰ በዛ፣ ስለበዛ ጎዳን። ርካሽ እንዲሆን ደግሞ ሒሳቡን የሚከፍል ሌላ ሰው አለ።

እስቲ መጀመሪያ ምንነቱን እንይ። ሃይ ፍሩክቶስ ኮርን ሲረፕ የሚሉት ነገር ከሰማይ የወረደ ምሥጢር አይደለም። ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን ብቅል የሚጨምሩት ለምንድን ነው? በበቀለው እህል ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚሰብረው ነው፤ ያ ስኳር ነው ኋላ አልኮል የሚሆነው። ፋብሪካውም የበቆሎውን ስታርች ለይቶ፣ በኢንዛይም ሰብሮ፣ ግሉኮስ ያደርገዋል። የሚለየው ቀጥሎ ባለችው እርምጃ ነው። በሌላ ኢንዛይም ከግሉኮሱ ከፊሉን ወደ ፍሩክቶስ ይለውጠዋል፤ ፍሩክቶስ ይበልጥ ይጣፍጣላ! ይህን መንገድ ማርሻልና ኩዊ የተባሉ አሜሪካውያን በ1957 አሳዩ። ጃፓናዊው ታካሳኪ በ1960ዎቹ ለፋብሪካ እንዲመች አደረገው። በ1967 አይዋ ግዛት፣ ክሊንተን ከተማ ያለ ፋብሪካ ለገበያ ማምረት ጀመረ።

ለለስላሳ የሚውለው ሽሮፕ ውስጥ ካለው ስኳር 55 በመቶው ፍሩክቶስ ነው። ለዳቦና ለመሳሰለው የሚውለው 42 በመቶ። የአገዳ ስኳርስ? ግማሽ በግማሽ! በአገዳው ስኳር ሁለቱ ተጣብቀው ይመጣሉ፣ አንጀት ውስጥ ሲደርሱ ግን ይላቀቃሉ። እንግዲህ «መርዝ» እና «የተፈጥሮ» እያልን የምንለያቸው ሁለት ነገሮች መራራቃቸው ይህን ያህል ነው።

ታዲያ ሽሮፑ ለብቻው እንዴት ተወነጀለ? በ2004 ብሬይ፣ ኒልሰንና ፖፕኪን የተባሉ ተመራማሪዎች የሽሮፑ ፍጆታና የአሜሪካውያን ውፍረት አብረው ማደጋቸውን አሳይተው፣ ሽሮፑ እጁ ሊኖርበት ይችላል የሚል ጽሑፍ አሳተሙ። እነሱ ይሆናል ያሉትን ገበያው እንደ ፍርድ ወሰደው። በየመደርደሪያው «የበቆሎ ሽሮፕ የለበትም» የሚል ጽሑፍ በትልቁ የተለጠፈበት ኬቸፕና ዳቦ ተደረደረ፤ ጀርባው ላይ ደግሞ በትንንሽ ፊደል ስኳር! በ2008 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሽሮፑ ከሌሎች ካሎሪ ካላቸው ማጣፈጫዎች የበለጠ ለውፍረት ያጋልጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ እንደሌለ ገለጸ። ይህኛው ግን ማስታወቂያ አይሆንምና ብዙም አልተሰማም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ የቁጥሩ ጉዞ ነው። የሽሮፑ የነፍስ ወከፍ ፍጆታ ጣሪያ የነካው በ1999 ነበር። ከዚያ ወዲህ እየወረደ ከሲሶ በላይ ቀንሷል። ውፍረቱስ? በ1999 እና በ2000 ከአሜሪካ አዋቂዎች 30.5 በመቶ የነበረው፣ በ2017 እና በ2018 42.4 በመቶ ደረሰ። ተጠርጣሪው ታስሮ ሌብነቱ ከባሰ መርማሪው ሌላም ሰው መፈለግ የለበትም ትላላችሁ?

ይህን ስል «እንግዲያው እንጠጣ» የሚል እንዳይኖር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፍሩክቶስን በዋናነት የሚያስተናግደው ጉበት ነው፤ በፈሳሽ መልክ በብዛት ሲመጣበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። በ2009 የወጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሰዎችን ለ10 ሳምንታት ተከታተለ። ገሚሶቹ በግሉኮስ፣ ገሚሶቹ በፍሩክቶስ የጣፈጠ መጠጥ ይጠጡ ነበር፤ መጠኑም የዕለት ካሎሪያቸው ሩብ ነው። የሁለቱም ወገን ክብደት ጨመረ። ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚከማቸው ስብ በተለይ የጨመረባቸው፣ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽም የደከመባቸው ግን ፍሩክቶስ የጠጡት ናቸው። ያ ፍሩክቶስ ደግሞ በአገዳው ስኳርም ውስጥ አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለሴት በቀን ከ25፣ ለወንድ ከ36 ግራም የበለጠ የተጨመረ ስኳር አይመክርም። አንዷ ቆርቆሮ ኮካ 39 ግራም ይዛለች። ምሳ ገና አልተበላም እንግዲህ።

አሁን ወደ ርካሽነቱ እንምጣ፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። በ1982 የሬገን መንግሥት የአገሩን ስኳር አምራቾች ለመጠበቅ ከውጭ በሚገባው ስኳር ላይ ኮታ ጣለ። አሜሪካ ውስጥ ስኳር ከዓለም ገበያ ይልቅ ተወደደ። በአንጻሩ በመንግሥት ድጎማ የሚደገፈው በቆሎ በየጎተራው ተትረፍርፏል። ለስላሳ የሚሠራ ኩባንያ ምን ያድርግ? በኅዳር 1984 ኮካም ፔፕሲም ጠማቂዎቻቸው ሙሉ በሙሉ ወደ ሽሮፕ እንዲዞሩ ፈቀዱ። ማጣፈጫው ሲረክስ ኩባንያዎቹ ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ ብርጭቆውን ማስፋት መረጡ፤ ትርፉ እዚያ ነዋ! የጥንቷ የኮካ ጠርሙስ 192 ሚሊ ሊትር ገደማ ነበረች። ሰቨን ኢለቨን በ1980 ያወጣው ቢግ ገልፕ አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በ1989 ደግሞ እጥፉን አመጣ። ምግብ ቤት ገብቶ አንዴ ከፍሎ ደጋግሞ መቅዳትን የመሰለ ነገር ያመጣው የማጣፈጫው ርካሽነት ነው።

(ስለ ርካሽነት ካነሣን አይቀር፣ ከትልልቆቹ የበቆሎ ፋብሪካዎች አንዱ የሆነው አርቸር ዳንየልስ ሚድላንድ ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ተመካክሮ የሽሮፑን ዋጋ ሰቅሏል ተብሎ ተከሶ በ2004 በ400 ሚሊዮን ዶላር ታርቋል። ርካሹም ነገር ተሰርቆበታል ማለት ነው።)

የሽሮፑ አምራቾች ነገሩ ሲያስጨንቃቸው በ2010 ስሙ «የበቆሎ ስኳር» እንዲባልላቸው የመድኃኒትና የምግብ አስተዳደሩን ጠየቁ፤ በ2012 ተከለከሉ። በ2009 ደግሞ ከ20 የሽሮፕ ናሙናዎች በ9ኙ ሜርኩሪ ተገኘ የሚል ጥናት ወጥቶ ነበር። በምርት ሒደቱ የሚገባው ኮስቲክ ሶዳ በሜርኩሪ ከሚሠራ ፋብሪካ ሲመጣ ነው የሚጠረጠረው። አምራቾቹ ጥናቱን አጥብቀው ተቃወሙት። ይህን የማነሣው ሳልሰማ አልቀረሁም ለማለት ያህል እንጂ የክሴ ምሰሶ አይደለም። ሜርኩሪ ባይኖርም 39 ግራሙ አለ።

የክሱ ከባዱ ክፍል ማሳው ላይ ነው። በቆሎ ናይትሮጅን ይወዳል። የአይዋ ገበሬ ማዳበሪያውን ይበትናል፤ ተክሉ ያልወሰደው ናይትሬት ሆኖ ከዝናቡ ጋር ይሰርጋል። ከማሳው ሥር የተቀበሩት ቱቦዎች ደግሞ ውሃውን እየሳቡ ወንዝ ውስጥ ይጥሉታል። ራኩንና ዴ ሞይን የተባሉት ወንዞች ይህን ተሸክመው ዴ ሞይን ከተማ ይደርሳሉ፤ የከተማው ሰው የሚጠጣው ከእነሱ ነው። ናይትሬት ከልክ ሲያልፍ የጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ ከተማው በውድ ዋጋ ናይትሬት ማጣሪያ ተክሎ፣ ገበሬው ማሳ ላይ የቀረውን ጣጣ በውሃ ቆጣሪው ያወራርዳል። በ2015 የከተማው ውሃ ድርጅት ወንዙ ሽቅብ ያሉ የሦስት አውራጃዎችን የማሳ ፍሳሽ አስተዳዳሪዎች ከሰሰ፤ በ2017 ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ዘጋው። በሰኔ 2025 ናይትሬቱ ከማጣሪያው አቅም በላይ እየሆነ ስለመጣ ነዋሪው ሣር እንዳያጠጣ ተከለከለ። ትራምፕ የአገዳ ኮካን ያበሠሩት ከዚህ አንድ ወር በኋላ ነው። ስለ ዴ ሞይን ውሃ ግን እንዲያ ያለ ጫጫታ አልተሰማም።

ውሃው እዚያ አያበቃም። በሚሲሲፒ ወርዶ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ማዳበሪያው አልጌ ያፋፋል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ከሥር ያለውን ውሃ ኦክስጅን ይጨርሰዋል። መሸሽ የቻለ ዓሣ ይሸሻል፣ ያልቻለው ያልቃል። በየበጋው የሚለካው ይህ የሞት ቀጠና በ2017 ከ22 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ጣናን ሰባት ጊዜ አስቡት። የሉዊዚያና ዓሣ አጥማጅ ስለ አይዋ በቆሎ የተጠየቀው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ግን ሐቀኛ እንሁን። ከአሜሪካ በቆሎ ለዚህ ሽሮፕ የሚውለው ከመቶ 3 ገደማ ነው። የሚበዛው የከብትና የዶሮ መኖ፣ የመኪና ኤታኖል ይሆናል። ነገ ሽሮፑ ከዓለም ቢጠፋ ዴ ሞይን ማጣሪያውን አትዘጋም። በቆሎውን ያበዛው ፖሊሲ እስካለ ድረስ እህሉ ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ሽሮፕን በስኳር መተካት ለአካባቢውም መፍትሔ ነው የሚሉኝን የማልሰማው።

አገዳስ ቢሆን ከማን ቤት ነው የመጣው? ኢትዮጵያውያን ይህን ለመመለስ ሩቅ መሄድ የለብንም። ወንጂ በ1954 በሆላንዶቹ ኤችቪኤ ተከፍቶ ስኳር ሲያመርት ሠራተኞቹና ልጆቻቸው ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ ኖረዋል። ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ የብዙዎችም አጥንትና አከርካሪ ደርቆ ጎበጡ። መተሐራ ላይ አገዳው የተተከለው ከረዩዎች ከብቶቻቸውን በበጋ ያሰማሩበት በነበረው የአዋሽ ዳርቻ ነው። «ንጹሕ የአገዳ ስኳር» ሲባል ይህ ትዝ የማይለው ሰው አዋሽን አያውቀውም።

የአገር ቤቱ ኮካ ያልጎዳን ለምን ነበር? በአገዳ ስለተሠራ አይደለም። ስላልነበረን ነው! ለልደት፣ ለፋሲካ ወይም እንግዳ ሲመጣ አንዷ ጠርሙስ ለሁለት ልጅ ትከፈላለች፤ ጠርሙሷም ለባለሱቁ ትመለሳለች። ዛሬ አዲስ አበባም በትልልቅ ፕላስቲክ ይሸጣል። በዚያው በአገዳ ስኳር ተሠርቶ፣ የሐኪም ቤቱን ወረፋ እያረዘመ ነው። አገዳ አምራቿ ሜክሲኮም ለስላሳ ላይ በ2014 ቀረጥ ጥላ፣ በ2016 በስኳር በሽታና በውፍረት ምክንያት የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ማወጅ ግድ ብሏታል።

ስለዚህ አገዳ ነው ወይስ በቆሎ የሚለውን ክርክር ለባለፋብሪካዎቹ እንተውላቸው። እኛ የምናየው ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ያለውን «አዲድ ሹገርስ» የሚለውን መስመር ይሁን። ትልልቅ ኩባንያዎች ከ2020 ጀምሮ እንዲጽፉት ተገድደዋል፤ ከየት እንደመጣ ሳይለይ በግራም ይናገራል።

ልጀምርበት የምፈልገው ቦታም አለኝ። ዲሲም ሆነ ሚኒያፖሊስ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አዳራሽ፣ በየማኅበሩና በየልደቱ የልጆች ጠረጴዛ አለ። ለትልልቆቹ ቡናው ይፈላል፤ ለልጆቹ ባለሁለት ሊትሩ ፕላስቲክ ይደረደራል። እናቶች «ልጆች ናቸው፣ ይጠጡ» ይላሉ፤ አሁን ደግሞ «የአገዳው ነው፣ አይጎዳም» ሊሉ ነው። በአንዱ ባለሁለት ሊትር ውስጥ 220 ግራም ያህል ስኳር አለ። ሩብ ኪሎ ሊሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ሩብ ኪሎ ስኳር በሳህን አድርጎ፣ ማንኪያ ሰክቶ፣ ከልጆቹ መሐል የሚያስቀምጥ ወላጅ አላየሁም። በሚቀጥለው ግብዣ ተራው የደረሰው ሰው ውሃ በጆግ ያቅርብ፤ ሎሚ ቢቆርጥበትም ጥሩ ነው። ልጆቹ የመጀመሪያው ቀን ያኮርፉ ይሆናል።