ዲስክ ዘገየ ማለት ሞተ ማለት አይደለም

በሮቤና በጎባ የእህል፣ የቡናና የሸቀጥ ነጋዴ የዱቤና የግዢ ሒሳቡን በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ያኖረ እንደሆነ፣ ዲስኮቹ ሬይድ በሚባለው ሥርዐት ተጣምረው አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ መዝገቡን እንዲያድኑ ይደረጋል። መልካም ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን «ዲስኩ በጊዜው አልመለሰም» የሚል መልእክት ይወጣና ሥራው ይቆማል፤ እህሉን ያስመዘነው ገበሬም ደረሰኙን ሲጠብቅ ይውላል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ፈጣን ፍርድ «ዲስኩ ሞቷል፣ ይለወጥ» የሚል ነው። እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም።

ሶፍ ዑመርን ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። የወይብ ወንዝ ከተራራው ሥር ገብቶ፣ በጨለማው ተጠማዝዞ፣ በሌላው በኩል ይወጣል። በመውጫው የቆመ ሰው ውሃው ቢቀር መቅረቱን ብቻ ያያል እንጂ በየት እንደ ታገደ አያውቅም። የሬይድ መቆጣጠሪያ ካርድም ዲስኮቹን ከኋላው ሰውሮ ለሊኑክስ እንደ አንድ ዲስክ ያሳያቸዋል።

ሊኑክስ ካልተለወጠ በቀር ለአንድ ትእዛዝ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ለቢሮ ኮምፒዩተር የተሠራ ተራ ዲስክ የተጎዳ ቦታ ሲያጋጥመው ከአንድ ደቂቃ በላይ እንኳ ደጋግሞ ሊሞክር ይችላል። ለሬይድ የተሠራው ግን 7 ሰከንድ ያህል ሞክሮ «አልቻልሁም» ይላል፤ ካርዱም የጎደለውን ከሌሎቹ ዲስኮች አስልቶ ይሞላል። ተራው ዲስክ ዝም ባለ ጊዜ ካርዱ እንደ ሞተ ቈጥሮ ከማኅበሩ ያስወጣዋል።

ስለዚህ ባለሙያ ሲጠራ ወዲያው ዲስክ እንዲነቅል አይፈቀድለት። አስቀድሞ መዝገቡ በሌላ ቦታ ይገልበጥ፤ ሬይድ ግልባጭን አይተካምና። ቀጥሎ የካርዱ የራሱ መዝገብ ይነበብ፤ ስማርትሲቲኤል በተባለው ፕሮግራምም ከካርዱ ጀርባ ያለው እያንዳንዱ ዲስክ ለብቻው ይጠየቅ። የአንዱ ዲስክ የተጎዱ ቦታዎች ከቀን ወደ ቀን ከበዙ በእርግጥ ይለወጥ። ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ከዘገዩ ግን ጥፋቱ በኬብል፣ በኃይል አቅራቢው፣ በሙቀት ወይም በካርዱ ፈርምዌር ይፈለግ። የካርዱ ባትሪ ሲደክምም ጽሕፈቱ ይንቀራፈፋል። የሊኑክስን 30 ሰከንድ ወደ 180 ማሳደግ እንደ መድኃኒት ሲታዘዝ ይሰማል፤ ካርዱ ራሱን እስኪያስተካክል ጊዜ ይሰጠው ይሆናል እንጂ ዲስኩን ከማስወጣት አያግደውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጉዳዩ የአስመጪዎች ነው። ዌስተርን ዲጂታል የተባለው ኩባንያ ለእንዲህ ያለ ማከማቻ ከሚሸጣቸው ሬድ ዲስኮች አንዳንዶቹ መስመሮችን እየደራረቡ የሚጽፉ መሆናቸውን በ2012 ዓ.ም. አምኗል፤ ለገዢዎች ቀደም ብሎ በግልጽ አልተነገራቸውም ነበር። እንዲህ ያለው ዲስክ በረጅም ጽሕፈት ጊዜ ስለሚዘገይ፣ ሬይዱ በሚታደስበት ሰዓት ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ በፕሮፎርማ ላይ «ዲስክ፣ 4 ቴራባይት» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የሞዴሉ ቍጥር፣ ለሬይድ የተሠራ መሆኑ፣ ጽሕፈቱም የማይደራረብ መሆኑ ተለይቶ ይጻፍ፤ ባለሱቁም ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ይህን ይጠይቅ። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የማይስማማ ዲስክ ተመልሶ ሌላው እስኪመጣ ድረስ፣ በሬይድ 5 የተጣመረ ሰርቨር አንድ ተጨማሪ ብልሽት እንኳ አይችልም።